ላባ የለበሰ መንጠቆ



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተሰብ ሥርዓት መጻፍ ልማዴ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመድ ልጽፍላችሁ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ብታነቡልኝ፥ ነገሩ ከቤታችሁ ደጃፍ የራቀ እንዳይደለ ትረዱታላችሁ።

እኛ የወለጋ ሰዎች ከባሕር እጅግ የራቅን ነን። ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የምድራችን ዝናም በዲዴሳ ወደ ዓባይ፥ በዓባይም በኩል ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይወርዳል፤ እኛ ግን ውኃችንን ተከትለን ባሕር የምናይ ሰዎች አይደለንም። ዓሣን ፈጽሞ አናውቅም ማለት ግን አይደለም። ወደ ጊምቢ ሲሄድ ዲዴሳን የተሻገረ መንገደኛ በወንዙ ዳር መንጠቆ ይዘው የሚቀመጡ ልጆችን ሳያይ አይቀርም። በሆሮ ጉዱሩም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የፊንጫ ግድብ ከተሠራ ወዲህ በሐይቁ ላይ ዓሣ እያጠመዱ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። እኔም ራሴ በዲዴሳ አቅራቢያ ያደግሁ በመሆኔ፥ ከቄስ ትምህርት ቤት እየጠፋሁ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ወደ ወንዝ ወርጄ አምባዛና ቀረሶ በትል ያጠመድሁበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህም ከየኔታ አርጩሜ ያመለጥሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከእነዚያ አብሮ አደጎቼ አንዱ ዛሬ በኖርዌይ ይኖራል። በዚያ ሀገር ከተማራቸው ነገሮች አንዱ በላባ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ነው። ከሁለት ዓመት ደጅ መጥናት በኋላ እኔን፥ በጊምቢ የጤና መኰንን የሆነውን ወዳጃችንንና በደምቢ ዶሎ ቡና የሚነግደውን ሦስተኛውን ባልንጀራችንን፥ «ሳናረጅ አንድ ጊዜ ባሕር ላይ አብረን እናጥምድ» ብሎ አግባባን። በ2016 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ፥ በትምህርት ቤት የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት፥ በጅቡቲ እንድንገናኝ ተቀጣጠርን።

ስለ አጠማመዱ ጥቂት ልንገራችሁ። ይህ በትል ወይም በሥጋ የሚደረግ ማጥመድ አይደለም። በመንጠቆው ላይ ላባ፥ ጠጕርና ክር እየተጠመጠመ የዝንብ ወይም የሌላ ሕያው ነገር መልክ ይሠራለታል፤ ዓሣውም ምግብ መስሎት ይውጠዋል። ብልሃቱ የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የነበረ ኤልያኖስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ፥ በመቄዶንያ ምድር በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚፈስስ ወንዝ ላይ ሰዎች ቀይ የበግ ጠጕር በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው፥ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባም ጨምረው ዓሣ ያጠምዱ እንደ ነበረ ጽፏል። ቤርያና ተሰሎንቄ ቅዱስ ጳውሎስ የሰበከባቸው ከተሞች መሆናቸውን የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በሀገራችንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራዎች ወንዞች ስለ ተለቀቀ፥ በዚያ በላባ ዝንብ የሚያጠምዱ እንግዶች ይታያሉ። በጨው ውኃ ላይ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ ነው፤ ጆ ብሩክስ የተባለ አሜሪካዊ ስለዚሁ መጽሐፍ ያሳተመው በ1950 ነበር። በባሕር ላይ የሚጣለው ደግሞ፥ ስሙ ዝንብ ይባል እንጂ፥ የሚመስለው ትንሽ ዓሣን ወይም ሽሪምፕን ነው።

ላባው ክብደት ስለሌለው ወደ ሩቅ የሚወስደው የወፍራሙ ክር ክብደት ነው። ስለዚህ አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን በአየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ክሩ ከኋላው ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት የቸኰለ እንደሆነ ሁሉም ነገር በራሱ ላይ ይጠመጠማል። ትዕግሥትን ለተማሪዎቼ ሃያ ዓመት አስተምሬ፥ እኔው ራሴ በዚህ ወደቅሁ፤ በመጀመሪያው ቀን የያዝሁት የቡና ነጋዴውን ባርኔጣ ብቻ ነበር። ባልንጀራችን ግን አልሳቀብኝም። «በወንጌል ከመረብ በቀር በመንጠቆ ዓሣ የያዘ አንድ ጴጥሮስ ብቻ ነው፤ እርሱም የያዘው ስለ ታዘዘ ነው» ብሎ አጽናናኝ። ይህም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 17 የተጻፈው፥ በዓሣው አፍ ውስጥ የግብሩ ገንዘብ የተገኘበት ታሪክ ነው።

ጕዟችን እንዲህ ነበር። ከነቀምት በባኮና በአምቦ በኩል አዲስ አበባ ገባን፤ ከዚያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተመረቀው፥ 750 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው በኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፈርን። የቀድሞው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 መሆኑን ለጓደኞቼ ስተርክላቸው፥ «መምህር፥ ዕረፍት ላይ ነህ» ብለው ዝም አሰኙኝ። ከደጋው ወርደን ቈላው ሲቀበለን፥ ልብሳችንን አንድ በአንድ እያወለቅን ጅቡቲ ገባን። ከዚያም መኪና ተከራይተን፥ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚወርደው በአሳል ሐይቅ አቅራቢያ አልፈን ወደ ታጁራ ሄድን።

በመንገዱ ዳር ወጣቶች በሰልፍ ሲሄዱ አየን፤ በእጃቸው ከአንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ በቀር ምንም የለም። ሾፌሩ፥ «ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ወደ ኦቦክ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ በሌሊት በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ» አለን። መኪናችን አለፈቻቸው። እኛም ጥቂት ካዘንን በኋላ ወደ ጨዋታችን ተመለስን።

ባሕሩን መጀመሪያ ባየሁበት ሰዓት ያሰብሁትን አልደብቃችሁም። ከእኛ ሀገር ሰዎች በቀድሞ ዘመን ባሕር ያዩት ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ሄደው ያዩት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 ያሳተመው ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ በልጅነቱ ተሰርቆ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 ነጻ ወጣ፤ በ1931ም በነቀምት ዐረፈ። እኔ ግን በእጄ የማጥመጃ ዘንግ ይዤ፥ ምሳዬን በልቼ፥ ለመደሰት መምጣቴን አስቤ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ምስጋናዬ ግን በማግሥቱ ተፈተነ።

በሁለተኛው ቀን፥ ባሕሩ መጕደል በጀመረበት ሰዓት፥ እስከ ጕልበታችን በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመን ነበር። ባልንጀራችን፥ ውኃው ሲጐድል ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ጥልቁ ስለሚወርዱ ትልልቆቹ በጠርዙ ላይ እንደሚጠብቋቸው አስረድቶን ነበርና፥ ዓይናችንን ከዚያ አላነሣንም። ድንገት ክሬ ተወጠረ። ትሬቫሊ የሚባል ብርማ ዓሣ ነበር፤ እንደ ክንዴ የማይረዝመው ይህ ዓሣ መዘውሩን እያስጮኸ ክሩን ይዞት በረረ። በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ ከባሕሩ ዳር ድምፅ ሰማሁ።

«ቢሻን» የሚል ድምፅ ነበር።

ይህ ቃል በኦሮምኛ «ውኃ» ማለት እንደ ሆነ በወለጋ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሰማሁት፤ ገባኝም። ነገር ግን ዓሣው በእጄ ነበረና ዘወር አላልሁም። ድምፁ ሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። እኔም ዓሣውን እስክስብ፥ ባልንጀራዬ ፎቶግራፍ እስኪያነሣኝ፥ መንጠቆውን አውልቄ ወደ ባሕሩ እስክመልሰው ድረስ ቈየሁ። ዓሣውን ቈዳው እንዳይጐዳ እጄን በውኃ አርጥቤ በጥንቃቄ ነበር የለቀቅሁት። ለዓሣ ይህን ያህል የራራሁ ሰው፥ ለተጠማ ሰው አሥር ደቂቃ አስጠበቅሁ። ይህንን የምጽፈው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ የሆነው ይህ ስለ ሆነ ነው።

ስመለስ ሦስት ልጆች በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጤና መኰንኑ ቀድሞኝ ደርሶ የያዘውን ውኃ ሰጥቷቸው የአንዱን ቍስለኛ እግር ያጥብ ነበር። ትንሹ ከ17 ዓመት የሚበልጠው አይመስልም። በኦሮምኛ ሳነጋግረው አነጋገሬን አውቆ፥ «ባርሲሳ ነዎት?» አለኝ፤ መምህር ነዎት ማለቱ ነው። ከየት ነህ ብለው ከምሥራቅ ወለጋ፥ እኔ ከአንድም ሁለት ጊዜ ፈተና ላስፈትን ከሄድሁባት ከተማ መሆኑን ነገረኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ሳይጨርስ ነበር የወጣው።

እንዴት እንደ መጡ ጠየቅናቸው። የነገሩን ይህ ነው። አንድ ሰው ወደ ከተማቸው መጣ፤ ባዕድ አይደለም፤ ዘመድ አዝማድ ያለው፥ በሠርግና በልቅሶ የሚገኝ ሰው ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ሥራ እንዳለ፥ ሌሎች ልጆች ሄደው ለወላጆቻቸው ቆርቆሮ ቤት እንዳሠሩ ነገራቸው፤ ፎቶግራፍም አሳያቸው። ገንዘብ አልጠየቃቸውም። «ስትደርሱ፥ ሠርታችሁ ትከፍላላችሁ» አላቸው። ለወላጆቻቸው እንዳይናገሩ ግን አስጠነቀቃቸው። እነርሱም የማይጠይቀው ስለሚወዳቸው መሰላቸው።

በዚህ ጊዜ በእጄ ያለችውን ላባ የለበሰች መንጠቆ አየሁ። ዓሣው የሚያየው ላባውን ነው፤ በላባው ውስጥ ያለው ብረት የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። አጥማጁም ላባውን የሚመርጠው ዓሣው ከሚርበው ነገር ጋር እንዲመሳሰል አድርጎ ነው። ሥራ ያጣውን በሥራ፥ እናቱ በጭቃ ቤት የምትኖረውን በቆርቆሮ ቤት ያጠምዱታል። ዋጋው የሚጠየቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ስደተኛው የመን ሲደርስ ታግቶ፥ በስልክ ላይ እየተደበደበ ጩኸቱን ለወላጆቹ ያሰሙታል፤ ወላጅም በሬውንና መሬቱን ሸጦ ይልካል። የባሕሩ መተላለፊያ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በዐረብኛ የእንባ በር ማለት ነው። ከዚያም ወዲያ ሌላ ሞት አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ዘገባ፥ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ድረስ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን ክሱን አልተቀበለም።

የጤና መኰንኑ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ብልህ ነበርና ምክር አላበዛም። ትንሹን ልጅ፥ «የእናትህን ስልክ በቃልህ ታውቀዋለህ?» ብሎ ብቻ ጠየቀው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ቍጥሩን ነገረው። እናትየው ልጇ አዲስ አበባ በግንበኛ ረዳትነት የሚሠራ መስሏት ነበር። ስልኩን ሲቀበል «ሃርሜ» አለና ሌላ ቃል ማውጣት አልቻለም። እኛም ወደ ባሕሩ ዘወር አልን። በዚያ በኩል ስለ ተባለው ነገር የሰማሁት የለም፤ ልጁ ስልኩን ሲመልስልን ግን፥ «እሄዳለሁ፤ ወደ ቤቴ» አለ።

በኦቦክ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የሚያስተዳድረው የስደተኞች መርጃ ማዕከል አለ፤ ወደ ሀገሩ በፈቃዱ መመለስ የሚፈልገውን ይረዳል። ሾፌራችን መጀመሪያ ቢፈራም፥ ጠዋት ሦስቱንም ወደዚያ ሊያደርስልን ተስማማ። ሁለቱ ትልልቆች ልጆችም እሺ ብለው ነበር። ያን ዕለት ማታ አፋሩ ጀልባ ነጂ ዓሣ ጠብሶልን አብረን በላን። ነገር ግን ሌሊቱ ሲነጋ ትንሹን ብቻ አገኘነው፤ ሁለቱ ደላላው የቀጠራቸው ሌሊት እንዳያመልጣቸው ሄደዋል። ትንሹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሀገሩ ገባ፤ ዛሬ በእናቱ ቤት ሆኖ ቀን እየሠራ ማታ ይማራል።

እኛም ወደየቤታችን ተመለስን፤ ዐቢይ ጾምም ገባ። በጾሙ ውስጥ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአፕሪል 8 እና በአፕሪል 23 ቀን 2024፥ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ በጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን መሞታቸውን በሬዲዮ ሰማሁ። ሁለቱ ልጆች በእነዚያ ጀልባዎች ውስጥ ነበሩ አልልም፤ ደኅና ደርሰውም ይሆናል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ እነርሱ ልጸልይ ብል የምጠራው ስም አጣሁ። እግራቸው ታጥቧል፤ ውኃ ጠጥተዋል፤ አብረውን በልተዋል፤ ስማቸውን ግን አልጠየቅኋቸውም። ትንሹ ልጅ የተመለሰው ስለ እናቱ ስለ ተጠየቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ትልልቆቹን ማንም ስለ ማንም አልጠየቃቸውም።

እንግዲህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ከዚህ ጕዞ ያገኘሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፥ ልጃችሁ ድንገት ዝምተኛ ሲሆን፥ ከትምህርት ቤት ሲቀር፥ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ፥ «ምን ሆንህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አትቈጡት። ደላላው የመጀመሪያው ሥራው ልጁን ከወላጁ ጋር እንዳይነጋገር ማድረግ ነውና፥ የምትነጋገሩበት ቤት ለእርሱ የተዘጋ በር ነው።

ሁለተኛ፥ በቅድሚያ ገንዘብ የማይጠይቅን አሻጋሪ እንደ ቸር አትቍጠሩት። በኋላ የሚጠይቀውን ዋጋ የሚከፍለው የእናንተ በሬ ነው።

ሦስተኛ፥ ልጁ የተራበው እውነተኛ ራብ መሆኑን አንካድ። ሥራ አጥቷል፤ በዕድሜ እኩዮቹ ፊት አፍሯል። ከደላላው ላባ ይልቅ እውነተኛ ምግብ ልናቀርብለት ካልቻልን፥ ምክራችን ብቻውን አይዘውም። ለልቅሶና ለዝክር ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች በዕድራችንና በማኅበራችን ለአንድ ወጣት የዶሮ እርባታ ወይም የእንጨት ሥራ መጀመሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ማበደር አያቅተንም። የክርስትና አባትም የሆነ ሰው፥ ያነሣውን ልጅ በዓመት በዓል ብቻ ሳይሆን ሥራ በፈታበትም ወር ቢያስታውሰው አደራውን ጠብቋል።

ባልንጀራችን ሲሰነባበተን ዘንጉን ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ የጨው ውኃ ብረት ስለሚበላ ከእያንዳንዱ ማጥመድ በኋላ በንጹሕ ውኃ እንዳጥበውም መከረኝ። እኔ ግን ዘንጉን ትቼ አንዲቱን ላባ የለበሰች መንጠቆ ብቻ ለመንሁት። ዛሬ በትምህርት ቤት በጠረጴዛዬ ላይ ናት። በየዓመቱ መስከረም አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ፥ በመጀመሪያው ቀን እያዟዟርሁ አሳያቸዋለሁ፤ ምን እንደ ሆነች እንዲነግሩኝም እጠይቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ፥ «ውብ ዝንብ ናት» ይላሉ። ከዚያ ላባዋን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ብረቱን አሳያቸዋለሁ።

ያን ካደረግሁ በኋላ መዝገቡን እከፍትና የሁሉንም ስም፥ የእናታቸውንም ስም፥ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።